ክሊኩ ይጨምራል፣ ሽያጩ ይቀንሳል፦ ኔትወርኩ እየበላኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ጀበና_በሜሪላንድ
ሰላም ቤተሰብ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሥራ መልስ የወጥ ቤት ዕቃ የምገመግምበት የአማርኛ ቻናልና ትንሽ ድረ ገጽ አለኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የቡና መቁያ፣ በርበሬ የሚችል መፍጫ (እሱማ ራሱን የቻለ ክር ይወጣዋል፣ ስንቱ መፍጫ ነው በርበሬ ሲያይ ጭስ የተፋው)። ከሥር ሊንክ አስቀምጣለሁ፣ ሰው በዚያ ገብቶ ሲገዛ ሱቁ 8 በመቶ ይከፍለኛል። ከሱቁ ጋር ግን በቀጥታ አይደለም የምገናኘው። መሃል ላይ አንድ የአፊሊየት ኔትወርክ አለ፣ ክሊኩንም ሽያጩንም የሚቆጥረው እሱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ገና ያላለቀ ጉዳይ አለን።

አንድ ዓመት ሙሉ ጥሩ ነበር። በወር 4,000 ክሊክ ገደማ፣ ከ60 በላይ ሽያጭ። ከ3 ወር ወዲህ ክሊኩ 5,000 ደረሰ፣ ሽያጩ ግን 41፣ ከዚያ 28፣ ባለፈው ወር 19። ለአካውንቴ የተመደበውን ሰውዬ ጠየቅኩት፣ "የወቅት ጉዳይ ነው" አለኝ። ከፋሲካ በፊት ምጣድ ካልተሸጠ መቼ ሊሸጥ ነው?

የባሰው ደግሞ አክስቴ ናት። ቨርጂኒያ ነው ያለችው፣ በኔ ሊንክ ገብታ ምጣድ ገዛች፣ ደረሰኙንም ላከችልኝ። ዳሽቦርዱ ላይ (ኔትወርኩ ቁጥሬን የሚያሳየኝ ገጽ ላይ) ክሊኳ አለ። ሽያጩ የለም።

ስርቆት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ያለ ማስረጃ ሰው መወንጀል አልፈልግም፣ ዝም ብሎ መበላትም አልፈልግም።

ደላላው_በሀቅ
ወንድሜ፣ እኔ ገርጂ አካባቢ 6 ዓመት የቤት ደላላ ነበርኩ። ያንተ ነገር ከኛ ሥራ በምንም አይለይም። ሰው ይዘህ ትሄዳለህ፣ ቤት ታሳያለህ፣ ተከራዩ "አስብበታለሁ" ብሎ ይለይሃል። ከዚያ በ3ኛው ቀን ለብቻው ተመልሶ ከአከራዩ ጋር ይጨርሳል። ስትጠይቅ አከራይዋ "ኧረ እሱ በዘመድ ነው የመጣው" ትልሃለች። ወይም ደግሞ ሌላ ደላላ ውል ሲፈረም በር ላይ ቆሞ "እኔ ነኝ ያመጣሁት" ይላል።

እዚህ ግን ምስክሩ ኩኪ ነው። ሰው ሊንክህን ሲነካ ብሮውዘሩ ላይ "ይሄን ሰው ያመጣው ጀበና ነው" የምትል ትንሽ ማስታወሻ ትቀመጣለች። ዕድሜ አላት። አማዞን ላይ 24 ሰዓት ነው፣ በዚያ ውስጥ ዕቃውን ጋሪ ውስጥ ከጨመረው 90 ቀን ይራዘማል። ሌላው ጋ 7 ቀን ወይ 30 ቀን ይሆናል። ብዙው ቦታ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፦ መጨረሻ የተነካው ሊንክ ይወስዳል። አንተ 20 ደቂቃ ቪዲዮ ሠርተህ ብታሳምነው፣ ከመክፈሉ 1 ደቂቃ በፊት ሌላ ሊንክ ከነካ ያ ሌላው ነው የሚበላው። በር ላይ የቆመው ደላላ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አክስትህን ጠይቃት። በስልክ ነው በኮምፒውተር? ሊንኩን ነክታ ወዲያው ገዛች ወይስ በነጋታው? ኩፖን ፈልጋለች? ከስርቆቱ በፊት እሱን እንወቅ።

ጀበና_በሜሪላንድ
ደወልኩላት። በላፕቶፕ ነው፣ ወዲያው ነው የገዛችው። ግን ልጇ የጫነላት "ኩፖን የሚፈልግ ነገር" አለ። ልትከፍል ስትል ብቅ አለ፣ ነካችው፣ 7 ዶላር ቀነሰላት። በጣም ደስ ብሏታል እንዲያውም።

ሳቢ_ዱባይ
በል እንግዲህ የመጀመሪያውን ሌባ አገኘኸው። ወይም ሌባ የሚመስለውን፣ እሱ ያከራክራል።

እኔ እዚህ ዱባይ አንድ ኔትወርክ ውስጥ 3 ዓመት ሠርቻለሁ፣ የአፊሊየቶችን ትራፊክ (የሚልኩትን ጎብኚ) የሚመረምር ክፍል ውስጥ። የኩፖን ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጫን፣ ኩፖን የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም) ነገር እኛ ቤት የማያልቅ ጭቅጭቅ ነበር። ሃኒ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ ፔይፓል በ2020 መጀመሪያ ላይ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው። ታኅሣሥ 2024 በፈረንጅ ሜጋላግ የሚባል ዩቲዩበር ረጅም ምርመራ ለቀቀበት። ያለው ነገር በአጭሩ፦ ገዢው መክፈያው ገጽ ላይ ሃኒን ሲነካ ከጀርባ የራሱን ሊንክ ይከፍትና ቀድሞ የነበረውን የአፊሊየት ኩኪ በራሱ ይተካል። ኩፖን ባያገኝም እንኳ! "ኩፖን አላገኘንም፣ እሺ" የምትለውን ቁልፍ መንካት ብቻ ይበቃል ነው ያለው። ከዚያ ዩቲዩበሮች ተሰብስበው ከሰሱ። ፔይፓል በበኩሉ የተባለውን አልተቀበለም፣ የመጨረሻ ክሊክን ጨምሮ የኢንዱስትሪውን ደንብ ተከትዬ ነው የምሠራው አለ። መጋቢት 2025 ላይ ጉግል የክሮም ኤክስቴንሽን ደንቡን አጠበቀው፦ ለተጠቃሚው ቅናሽ ወይም ሌላ የሚታይ ጥቅም ሳታመጣ ሊንክህን ማስገባት አትችልም ብሎ።

የአክስትህ ላይ ግን 7 ዶላር ቀንሶላታል። ስለዚህ በአዲሱ ደንብም ቢሆን ኮሚሽኑን መውሰዱ ብዙ የሚያስጠይቀው አይመስለኝም። የሚያናድድ ነው፣ አውቃለሁ።

ኮድ_ቆራሽ
"ሌባ" የሚለው ቃል እዚህ ክር ላይ በዛብኝ። የመጨረሻ ክሊክ ይወስዳል ተብሎ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ አንተም ፈርመህ ገብተሃል። ሕጉ ካልጣመህ ሕጉን ተቃወም፣ ሰውየውን ሌባ አትበለው።

ደግሞ ሽያጭ የሚጠፋበት ንጹሕ ምክንያት ስንት አለ። አይፎን የያዘ ሰው በሳፋሪ ከገባ፣ ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪ (ከከፈትከው ድረ ገጽ ውጪ ሌላ የሚያስቀምጠውን) ጨርሶ ይዘጋል። ሊንክህ የሱቁን አፕ ከከፈተ ክትትሉ እዚያው ሊቆረጥ ይችላል። ሱቁ ድረ ገጹን አድሶ የኔትወርኩን ኮድ መክፈያው ገጽ ላይ መመለስ ረስቶ ይሆናል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ 11 ቀን ሙሉ የማንም ሽያጭ አልተቆጠረም፣ ማንም አልሰረቀም፣ አንድ ልጅ ዓርብ ማታ ተቻኩሎ ነው። ዋጋ ጨምረው ይሆናል። ዕቃው አልቆ ይሆናል። ጀበና፣ እነዚህን አይተሃል?

ጀበና_በሜሪላንድ
ዋጋው ያው ነው። ዕቃውም አለ። ስልክና ኮምፒውተር ለይቼ አየሁት፣ ሁለቱም ላይ እኩል ነው የወረደው። ሳፋሪ ብቻ ቢሆን የስልኩ ነበር የሚወርደው።

ሳቢ_ዱባይ
ኮድ፣ ልክ ነህ፣ መጀመሪያ ንጹሑን ምክንያት መጨረስ ነው። ግን ውስጡ ስለነበርኩ ልንገራችሁ፣ ንጹሕ ያልሆነውም አለ። በኛ ሥራ "መላጨት" ይሉታል። ኔትወርኩ ወይም ሱቁ ከ10 ሽያጭህ 8ቱን ይቆጥርልሃል፣ 2ቱን ይላጫል። አንተ በምን ታውቃለህ? የምታየው እነሱ ያሳዩህን ነው። ሚዛኑም ሥጋውም እነሱ ጋ ነው ያለው።

የሚላጭ ሰው መጀመሪያ ላይ አይላጭም። አዲስ ስትገባ ሁሉም ነገር ሳንቲም ሳይጎድል ይቆጠራል፣ ምክንያቱም የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ እየፈተነ እንደሆነ ያውቃሉ። ትራፊክህን አምጥተህ፣ ሊንካቸውን 200 ጽሑፍ ላይ ከለጠፍክ በኋላ ነው ምላጩ የሚወጣው። በአንድ ጊዜም አይደለም። ያንተ አወራረድ (41፣ 28፣ 19) ለመላጨት ትንሽ ፈጥኖብኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ብልህ ሌባ እንዲህ አይቸኩልም። ግን ሌባ ሁሉ ብልህ አይደለም።

ሌላ የማያቸው ምልክቶች ልንገርህ። ሽያጭ "በመጠባበቅ ላይ" ሆኖ ይገባና በወሩ መጨረሻ ውድቅ ይሆናል፣ ምክንያት አይጻፍበትም። ዕቃ የሚመልስ ሰው ሁሌም አለ፣ እሱ ችግር የለውም፣ ግን ምክንያቱ በእያንዳንዱ ትዕዛዝ መጻፍ አለበት። "ጥራት" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ካየህ ጠርጥር። ከሁሉም የምጠላው ደግሞ ክፍያህ ሊደርስ 3 ቀን ሲቀረው "አጠራጣሪ ትራፊክ" ብለው አካውንት የሚዘጉትን ነው። በእርግጥ አጠራጣሪ ትራፊክ አለ፣ እኔ ራሴ ብዙ አካውንት ዘግቻለሁ። ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየት እንደመጣ አሳይተን ነው የምንዘጋው። ማስረጃ ሳያሳይ ዘግቶ ገንዘቡን የሚያስቀር ካየህ፣ ገንዘቡ ለሱቁ ተመለሰ ወይስ እነሱ ኪስ ቀረ ብለህ ጠይቅ። መልስ ከሌለ ታሪኩ አልቋል።

ናቲ_22
ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ "አፊሊየት ማርኬቲንግ ነው" ብሎ 3,500 ብር መመዝገቢያ ክፈል አለኝ። ከዚያ 3 ሰው ሳስገባ ብሬ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሰው ትርፍ ነው። የሱን የባንክ ስክሪንሾት አሳየኝ፣ ብዙ ብር ነው። እናንተ የምታወሩት ስለዚሁ ነው?

ደላላው_በሀቅ
ናቲ ወንድሜ፣ አትክፈል! ከከፈልክም ሌላ ሰው አታስገባ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ ዕቃው ምንድን ነው? ማን ነው የሚገዛው? ጀበና ምጣድ ነው የሚያሻሽጠው፣ ምጣዱን የገዛው ሰው እንጀራ ይጋግርበታል፣ ጀበናን ይረሳዋል። ኮሚሽኑ የሚመጣው ከምጣዱ ዋጋ ላይ ነው። ያንተ ልጅ ብር የሚያገኘው ካንተ 3,500 ላይ ነው። አንተ ነህ ምጣዱ።

እውነተኛ አፊሊየት ለመግባት አያስከፍልም። አማዞን ከ1996 ጀምሮ ይሄን ሲሠራ ለመመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም። በኛ አገርም የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሰው ባስገባህ ቁጥር የሚከፈልበትን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። ስሙን አፊሊየት ስላሉት አይቀየርም።

ሳቢ_ዱባይ
አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ነበር፣ ሞብ የሚባል። በ2018 የንግድ ኮሚሽናቸው ፍርድ ቤት ወስዶ አዘጋው። መግቢያው 49 ዶላር ነበር፣ "በኢንተርኔት ገንዘብ የመሥራት 21 ደረጃዎች" ተብሎ። ደረጃውን እየጨረስክ ስትሄድ ነው ነገሩ የሚገለጠው፦ ውድ አባልነት ግዛ፣ የመጨረሻው ወደ 30 ሺህ ዶላር የሚጠጋ። ከዚያ የምትሸጠው ምንድን ነው ካልክ፣ ያንኑ አባልነት ለሌላ ሰው። ብዙው ሰው ገንዘቡን አጥቶ ወጣ።

ስክሪንሾት ደግሞ ማስረጃ አይደለም ናቲ። ብሮውዘር ላይ የፈለግከውን ቁጥር ጽፈህ ፎቶ ማንሳት ትችላለህ፣ 10 ሰከንድ አይፈጅም። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ገቢውን ነው የሚያሳይህ፣ ከማን ኪስ እንደመጣ አያሳይህም።

ናቲ_22
1,500 ከፍዬ ነበር፣ ቀሪውን ዓርብ ልከፍል ነበር። እጠይቀዋለሁ።

ኮድ_ቆራሽ
ወደ ጀበና ልመለስ። የሚፈትንበትን መንገድ ከመንገሬ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አፈታተኑ ከዚህ ታሪክ ነው የሚወጣው። እኔ ሌባ አትበሉ ያልኩት ሰውዬ አሁን ስለ እውነተኛ ሌባ ላወራ ነው።

ኢቤይ በ2000ዎቹ አጋማሽ ትልልቅ የሚባሉ አፊሊየቶች ነበሩት። አንደኛው ሾን ሆጋን ይባላል። ድርጅቱ ከኢቤይ በጠቅላላ 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወስዷል። እንዴት? ሌሎች ድረ ገጾች ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ነጻ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ያ መሣሪያ ያለበትን ገጽ የከፈተ ሰው ሁሉ፣ ከጀርባ በዓይን የማትታይ ነጥብ የምታክል ምስል ትጫንበታለች። ምስሏ ምስል አይደለችም፣ የኢቤይ የአፊሊየት ሊንክ ናት። ሰውየው ኢቤይን አላየም፣ ምንም አልነካም፣ ብሮውዘሩ ግን "ያመጣው ሆጋን ነው" የምትል ኩኪ ተቀምጣበታለች። ከዚያ ሰውየው በራሱ ጊዜ ኢቤይ ሄዶ ሲገዛ ኮሚሽኑ ለሆጋን። ኩኪ መጠቅጠቅ ይሉታል። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ኢቤይ ላይ የማይገዛ ሰው ማን ነበር? ሚሊዮን ሰው ላይ ከጠቀጠቅክ መግዛታቸው አይቀርም።

የምወደው ክፍል ግን (የምወደው ስል በሙያ ዓይን ነው፣ በሥነ ምግባር አይደለም) ይሄ ነው። ኮዱ ጎብኚው ከየት እንደሆነ ያያል። ከሳን ሆዜ ወይም ከሳንታ ባርባራ ከሆነ ምንም አያደርግም፣ ዝም። ለምን? የኢቤይ ዋና መሥሪያ ቤት ሳን ሆዜ ነው፣ ኔትወርኩ ደግሞ ሳንታ ባርባራ። ተቆጣጣሪው ቢሮው ተቀምጦ ቢፈትን ንጹሕ ገጽ ነው የሚያየው።

ኤፍቢአይ ገባበት፣ ኢቤይ በ2008 ከሰሰ፣ በ2014 ሆጋን 5 ወር እስርና 25,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። በተመሳሳይ ሥራ የተከሰሰው ሌላው አፊሊየት 15 ወር።

እና ጀበና፣ ከቤትህ ሆነህ ራስህ ገዝተህ አትፈትን። አንደኛ ብዙ ፕሮግራም በራስ ሊንክ መግዛት ይከለክላል፣ አማዞንም ይከለክላል፣ ራስህ ላይ ሰበብ ትሰጣቸዋለህ። ሁለተኛ፣ የሚሰርቅ ሰው ያንተን አድራሻ ያውቃል። በተለያየ ከተማ ያሉ፣ እውነት ዕቃውን የሚፈልጉ ሰዎች ፈልግ። ለእያንዳንዳቸው የተለየ መለያ ያለው ሊንክ ስጣቸው፣ ኔትወርኩ ሰብ አይዲ የሚለውን። ቀንና ሰዓት፣ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ዋጋ መዝግብ። ግማሾቹ ኩፖን ይጠቀሙ፣ ግማሾቹ በንጹሕ ብሮውዘር (ኤክስቴንሽን ባልተጫነበት) ይግዙ። አስመሳይ ትዕዛዝ አይሁን፣ ገዝተው የሚመልሱትም አይሁን፣ እሱ ማጭበርበር ነው ተብሎ ይመለስብሃል።

ፍራንክፈርቷ
እኔ በገዢ በኩል ነኝ፣ የምሸጠው የለኝም። ክሩን ሳነብ አንድ ነገር አናደደኝ። ሁላችሁም የምታወሩት ኮሚሽናችሁ ስለመበላቱ ነው። እኛስ የምንበላው?

ባለፈው ዓመት በዋትስአፕ ግሩፓችን አንድ የማቅጠኛ ሻይ ሊንክ ዞረ። ስነካው ዜና የሚመስል ገጽ ከፈተ፣ ጋዜጠኛ የምትመስል ሴት ፎቶ፣ ከሥር "እኔ በ4 ሳምንት 11 ኪሎ" የሚሉ አስተያየቶች። ገዛሁ። በወሩ ሳላዝ ሁለተኛ ቆረጡብኝ። ኋላ ሳየው አስተያየቶቹ ላይ መልስ መጻፍ አይቻልም፣ የተሳለ ነገር ነው። የገጹ ቀን ደግሞ ሁሌም "ትናንት" ነው፣ በየቀኑ ብትከፍተው ትናንት ይላል።

ደግሞ የኛ ሰው ቪዲዮ ሲሠራ "ከዚህ ሊንክ ኮሚሽን አገኛለሁ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጀበና፣ አንተ ትላለህ?

ሳቢ_ዱባይ
ይሄ ያልሽው የሐሰት ዜና ገጽ አሮጌ ዘዴ ነው እህቴ። አሜሪካ ሊድክሊክ የሚባል ኔትወርክ የተቀጣው በዚሁ ነው። አፊሊየቶቹ የማቅጠኛ ክኒን በሐሰት ዜና ገጽ ይሸጡ ነበር፣ ኔትወርኩ "እኔ መሃል አገናኝ ነኝ፣ ገጹን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም" አለ። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ታውቅ ነበር፣ ትቆጣጠርም ነበር ብሎ 11.9 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ የተፈረደውን አጸና። ከዚያ ወዲህ ነው ብዙ ኔትወርክ እንደኔ ዓይነት መርማሪ መቅጠር የጀመረው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፣ ግን ስልጠናችን ላይ ይሄ ጉዳይ ይነሳ ነበር።

ጀበና_በሜሪላንድ
ፍራንክፈርቷ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አልልም ነበር። ቪዲዮው ሥር በትንሽ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አለ። በአፌ ብዬ አላውቅም። ነውር ይመስለኛል፣ ለዘመድ ዕቃ መርጦ ገንዘብ እንደመቀበል። አሁን ሳስበው ግን ነውሩ አለመናገሩ ነው መሰለኝ።

የልደታ_ልጅ
ስም ቀይሬ ነው የምጽፈው። እኔ በሌላኛው በኩል ነበርኩ። የአንድን ሱቅ ስም ጉግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚወጣው ማስታወቂያ አለ አይደል? እኔ በሱቁ ስም ማስታወቂያ ገዝቼ የአፊሊየት ሊንኬን አስገባበት ነበር። ሰውየው ቀድሞም ወደዚያ ሱቅ እየሄደ ነው፣ በር ላይ ጠብቄ "እኔ አመጣሁት" እላለሁ። ደላላው በሀቅ ያለው ሰውዬ ማለት እኔ ነኝ። ውሉ ይከለክላል። እኔም ሌሊት ሌሊት፣ የሱቁ ሠራተኞች በሚተኙበት ሰዓት ብቻ ነበር ማስታወቂያውን የማበራው፣ እነሱ ካሉበት ከተማ ውጪ። የሆጋንን ታሪክ ሳነብ ሳቅኩ፣ አላውቀውም ነበር፣ ግን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚያስበው።

በ5 ወር 9 ሺህ ዶላር ገደማ። ከዚያ አካውንቱ ተዘጋ፣ የመጨረሻው ወር ክፍያ ቀረብኝ። ማን እንደያዘኝ ታውቃላችሁ? ሱቁ አይደለም። የሱቁ ሌላ አፊሊየት ነው፣ አንዲት ብሎግ የምትጽፍ ሴት፣ ገቢዋ ሲወርድባት በሌሊት ተነስታ ስታጣራ አገኘችኝ።

ጀበና፣ ስለዚህ ሱቁን ብቻ አትጠርጥር። በሱቁ ስም ጉግል ላይ ፈልግ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ከተለያየ ከተማ። ከላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ ነክተህ አድራሻው ላይ የሰው መለያ ካለ፣ እንደኔ ያለ አንድ ሰው አለ ማለት ነው።

ደላላው_በሀቅ
ስለነገርከን እናመሰግናለን። ግን 9 ሺህ ዶላሩ ከማን ኪስ እንደወጣ ታውቃለህ አይደል።

የልደታ_ልጅ
አውቃለሁ።

ጀበና_በሜሪላንድ
ከ5 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የተባለውን ሁሉ አደረግኩ።

8 ሰው አገኘሁ፣ ሁሉም ዕቃውን የሚፈልጉ። አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሁለቱ ዲሲ አካባቢ፣ ዴንቨር፣ ኮሎምበስ። 4ቱ በንጹሕ ብሮውዘር፣ 4ቱ ከነኩፖን ኤክስቴንሽናቸው። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ፣ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ።

ኩፖን ከተጠቀሙት 4ቱም ጠፉብኝ። ክሊኩ አለ፣ ሽያጩ የለም። ኮድ ቆራሽ እንዳለው ውሉ ነው። ከዚያ ግን ሱቁ ከመቼ ጀምሮ ነው ከኤክስቴንሽኑ ጋር የሚሠራው ብዬ ሳጣራ፣ ከ4 ወር በፊት ገደማ ነው። የኔ ሽያጭ መውረድ በጀመረበት ወር! ይሄን የአካውንቴ ሰውዬ ያውቅ ነበር። "የወቅት ጉዳይ" ያለኝ እያወቀ ነው።

ንጹሕ ብሮውዘር ከተጠቀሙት 4ቱ ደግሞ 3ቱ ተቆጠሩ፣ የሲያትሉ አልተቆጠረም። ትልቁ ትዕዛዝ እሱ ነበር፣ ምጣድና መፍጫ አንድ ላይ፣ 412 ዶላር። የትዕዛዝ ቁጥሩንና ሰዓቱን ላክኩላቸው። በ2 ቀን "የክትትል ስህተት ነው፣ ተስተካክሏል" ብለው ጨመሩልኝ። ስለቀሩት 3 ወራት ሽያጮች ዝርዝር ስጠይቅ ግን "ይህ መረጃ ለአጋሮች አይሰጥም" አሉ።

ሳቢ_ዱባይ
አንዱ ሽያጭ ላይ ብቻ ቆሜ ላጩህ አልልም። 1 ከ4 በአጋጣሚም ይጠፋል። ትልቁ መሆኑ ያጠራጥራል፣ ያ ብቻውን ግን አይበቃም። የጎዳቸው መልሳቸው ነው። ንጹሕ የሆነ ኔትወርክ ስህተት አገኘሁ ካለ የሌሎቹንም ያጣራል፣ ምክንያቱም አንተ ጋ የጠፋ ሌላም ጋ ጠፍቷል።

ኮድ_ቆራሽ
በዚህ እስማማለሁ። ስለ ኤክስቴንሽኑ አለመናገራቸው ደግሞ ለኔ ከመላጨት አይተናነስም። የውሉ ፊደል አልተጣሰም። ግን ሰውየው ለምን ገቢዬ ወረደ ብሎ ጠይቋል፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ነግሮታል። ሌባ አትበሉ ያልኩትን ግማሹን አንስቻለሁ።

ደላላው_በሀቅ
ግማሹን ብቻ? እሺ፣ ከኮድ ቆራሽ ይሄም ትልቅ ነገር ነው። ጀበና፣ ሱቁን በቀጥታ አናግር። ምጣዱን የሚሸጡት እነሱ ናቸው፣ አንተ ሰው እንደምታመጣ ካዩ ለመሃል ሰው ለምን ይከፍላሉ። ለቻናልህ ብቻ የሚሆን የራስህ የኩፖን ቃል ይስጡህ። ገዢው ያንን ቃል ከጻፈ ኩኪ ኖረ አልኖረ የመጣው ባንተ ነው።

ጀበና_በሜሪላንድ
ጻፍኩላቸው። ከመጪው ወር ጀምሮ 6 በመቶ፣ በቀጥታ፣ የራሴ ኩፖን ቃል ለገዢው 5 ዶላር የሚቀንስ። ከ8 ወደ 6 ወረድኩ ማለት ነው፣ ግን ደረሰኙን ራሴ አያለሁ። አዲሱ ቪዲዮ ላይም "ከዚህ ኮሚሽን አገኛለሁ" ብያለሁ፣ በአማርኛ፣ በአፌ። ፍራንክፈርቷ ትመስክር።

ፍራንክፈርቷ
አይቻለሁ። ፈገግ ብለህ ነው ያልከው፣ ይሻላል።

ናቲ_22
እኔም ልንገራችሁ። ልጁን "ዕቃው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። "አንተ ገና አስተሳሰብህ አልተቀየረም" አለኝ። ብሬን መልስ ስለው ብሎክ አደረገኝ። ቻናሉ ላይ ደግሞ ስሜ "አዲስ አባል" ተብሎ እስካሁን አለ፣ ሰው እንዲገባበት።

ደላላው_በሀቅ
ብሩን የላክህበትን የባንክ ደረሰኝ አታጥፋው፣ መልእክቶቹንም ፎቶ አንሳቸው። ሰፈርህ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሂድና አመልክት። 1,500 ትንሽ ነው ብለህ አትተወው፣ ካንተ ሌላ ያመለከቱ ሊኖሩ ይችላሉ። አስገብተኸው የነበረ ሰው አለ?

ናቲ_22
የአክስቴ ልጅ ሊገባ ነበር። ነግሬዋለሁ፣ ቀርቷል።

ጀበና_በሜሪላንድ
የኔ አክስት ደግሞ ኤክስቴንሽኑን አላጠፋም ብላለች። "7 ዶላር የቀነሰልኝ እሱ ነው፣ አንተ ስንት ቀነስክልኝ?" አለችኝ። አሁን 5 እቀንሳለሁ አልኳት። "ሁለት ዶላር ይቀርሃል" ብላ ዘጋችው።